በጽሑፍ ያለ ይወረሳል

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።» ይህን አባባል የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ አንብበነዋል፤ መጽሐፍ በተመረቀ ቁጥር ከመድረክ ሲነገር ሰምተነዋል፤ በደብተራችን ሽፋን ላይ ጽፈነዋል። እኔ ቀን ቀን በባንክ ቤት ሰነድ ሳገላብጥ የምውል፣ ማታ ማታ ግጥም የምሞካክር ሰው ነኝ። እንጀራዬም ፍቅሬም ከጽሑፍ ነው። ስለዚህ ጽሑፍን ልነቅፍ አልተነሣሁም። የምነቅፈው በዚህ አባባል ተከልለን የምንፈጽመውን በደል ነው። የቃል የሆነውን ሁሉ ገና ሳይረሳ እንደ ተረሳ እንቆጥረዋለን፤ ባለቤቱ በሕይወት ቆሞ እያየን፣ ሀብቱን ወራሽ እንዳጣ ንብረት እንረከባለን።

«ወረሰ» የሚለው ግስ በቋንቋችን ሁለት ፊት እንዳለው ልብ ይሏል። ልጅ የአባቱን ርስት ይወርሳል፤ ጉልበተኛም የደካማውን ቤት ይወርሳል። ሰሙ ውርስ ነው፤ ወርቁ ግን ንጥቂያ ሊሆን ይችላል። የዛሬው ሙግቴ በዚህ ወርቅ ላይ ነው። የማቆመው ምስክርም አንድ ድንጋይ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው።)

* * *

በጎረቤታችን በሶማሊያ፣ ሂራን በሚባለው ክልል፣ ኤል አሊ የምትባል ስፍራ አለች። ከዚያ ወጣ ብሎ፣ ግመል በሚሰማራበት ሸለቆ ውስጥ፣ 15 ቶን ከ200 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት ግማሽ ጎኑን ቀብሮ ተቀምጦ ነበር። ሊቃውንቱ ሚቲዮራይት ከሚሉት፣ ከሰማይ ከሚወድቀው ድንጋይ ወገን ነው። በክብደቱ እስከ ዛሬ በዓለም ከታወቁት ዐሥር ትላልቆች መካከል ይቆጠራል። የአገሩ ሰዎች «ሺድ-ቢሮድ» ብለውታል፤ የብረት ድንጋይ ማለት ነው። ቢላቸውን ይስሉበት ነበር። ዓለም አቀፉ የሚቲዮራይት መዝገብ ራሱ እንደሚመሰክረው፣ ከአምስት እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ያውቁት ነበር፤ በዘፈናቸው፣ በተረታቸው፣ በጭፈራቸውና በግጥማቸው ውስጥም ይኖር ነበር።

በ2019 ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ ፍለጋ የወጡ ሰዎች ስለዚህ ብረት ሰሙ። በ2020 ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ ሞቃዲሾ ተጓዘ። ከእርሱ የተቆረጠ 70 ግራም ቁራጭ በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። በኅዳር 2022 ዩኒቨርሲቲው የምሥራች አሰማ፦ በዚያች ቁራጭ ውስጥ በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ሁለት ማዕድናት ተገኙ። አንዱ በስፍራው ስም «ኤላሊያይት» ተባለ። ሁለተኛው በአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት በሊንዲ ኤልኪንስ-ታንተን ስም «ኤልኪንስታንቶናይት» ተባለ። ሦስተኛም ተከተለ። ዋናው ድንጋይ ግን በዚያው ሰሞን ገዢ ፍለጋ ወደ ቻይና መሻገሩ ተነገረ። አንድ የሶማሌ ተመራማሪ የዚህን ድንጋይ ታሪክ ባጠና ጊዜ ለጽሑፉ የሰጠው ርእስ ከቢላ መሳያነት ወደ ዝና፣ ከዝና ደግሞ ወደ አካባቢው ሕዝብ የቅርስ ሐዘን የሚሄድ ነው። ርእሱ ብቻውን እንጉርጉሮ ነው።

በሶማልኛ «ቢር» ማለት ብረት ነው። በእኛ ደግሞ ብር ገንዘብ ነው። ለእነርሱ ብረት የነበረው ለሌላው ብር ሆነ። ቅኔው እንዲህ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ሲገኝ ባለቅኔ ምን ሊጨምርበት ይችላል?

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ድንጋዩ «በ2020 ተገኘ» ብለው ጻፉ። እኔ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ከየት ጠፍቶ ነው የተገኘው? ሰባት ትውልድ የዘፈነለት፣ ልጆች የጨፈሩለት፣ እረኛ በየዕለቱ ቢላውን የሳለበት ነገር እንዴት «ተገኘ» ይባላል? መልሱ አጭር ነው። ከወረቀት ላይ ጠፍቶ ነበር፤ ወረቀት ላይ ሲወጣ ተገኘ። ይህ አነጋገር በኤል አሊ የተቆጠረውን የሰው ዕድሜ በአንድ ጊዜ ሰረዘው። ድንጋዩን በቶን መዘኑት፤ በውስጡ ያለውን ኒኬል በመቶኛ ለኩት። ግጥሙን ግን የመዘነው የለም። መዝገቡ ግጥም መኖሩን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ያልፋል፤ ከግጥሙ አንድ ስንኝ፣ ከገጣሚዎቹ አንድ ስም አይሰጥም።

በቃል ያለው ተረሳ? አልተረሳም። ከአምስት እስከ ሰባት ትውልድ ቆየ። በጽሑፍ ያለውስ? ጽሑፍ ከነካው በኋላ ድንጋዩ ጥቂት ዓመት እንኳ በቀዬው አላደረም። በኤል አሊ አባባላችን ተገልብጦ ተፈጸመ።

* * *

«ግጥም ስሜት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም» የሚሉ አሉ። የሚያሳዝነው ይህን የሚሉት የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ነን ከሚሉት መካከል መሆናቸው ነው። እነዚህን ወደ አውሮፓ ልውሰዳቸው፤ በዚያ ያለው ፍርድ ሌላ ነውና።

በኅዳር 7 ቀን 1492 ዛሬ ፈረንሳይ በሆነው በአልዛስ አገር፣ ኤንሲስሃይም በምትባል ከተማ ዳር፣ ከእርሻ ላይ 127 ኪሎ ያህል የሚመዝን ድንጋይ ከሰማይ ወደቀ። ሲወድቅ ያየው አንድ ልጅ ነው ይባላል። ሕዝቡ ተሯሩጦ እየፈለጠ ይወስድ ጀመር። ንጉሥ ማክሲሚሊያን በዚያ ባለፈ ጊዜ ድንጋዩ በቤተ ክርስቲያን እንዲቀመጥ አዘዘ። በዚያው ዓመት ሴባስቲያን ብራንት የተባለው ባለቅኔ፣ በኋላ በ1494 «የቂሎች መርከብ» በተባለ መጽሐፉ ስሙ የገነነው፣ ስለ ድንጋዩ በላቲንና በጀርመንኛ ግጥም ጻፈ፤ ከሥዕል ጋር በአንድ ገጽ ታትሞ ተበተነ። ግጥሙ ድንጋዩን የሚተረጉመው እንደ ምልክት ነው፤ ሰማይ ለማክሲሚሊያን በጠላቶቹ ላይ ያዳላ መሆኑን የሚያበሥር ምልክት። እንግዲህ ንግርትም ነው፤ ውዳሴም ነው፤ ቅስቀሳም ነው።

ዛሬ ስለ ሰማይ ድንጋይ ታሪክ የሚጽፍ ሳይንቲስት ሁሉ የብራንትን ግጥም ይጠቅሳል። ማንም «ተረት ነው» ብሎ አልጣለውም። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሕዝቡን ድንጋጤ ከዚያ ይለቅማል። ድንጋዩም ከግማሹ በታች ቀርቶ ቢሆን እንኳ ዛሬም በዚያው በኤንሲስሃይም ተቀምጧል፤ ከተማይቱም ትኮራበታለች።

ፍርዱ የቱ ላይ ነው የተለየው? ሁለቱም ድንጋይ ናቸው። ሁለቱም ግጥም አላቸው። የአንዱ ግጥም በማተሚያ ቤት አለፈ፤ የሌላው በእረኛ ጉሮሮ አለፈ። አንደኛው ሰነድ ተባለ፤ ሁለተኛው «ፎክሎር» ተባለ። የኤንሲስሃይም ድንጋይ በቦታው ቀረ፤ የኤል አሊው ለገበያ ተጫነ። ግጥም ማስረጃ አይደለም የሚል ሰው ሁለቱንም ይጣል። አንዱን አንሥቶ ሌላውን የሚጥል ግን ስለ ማስረጃ እየተናገረ አይደለም፤ ስለ ሰው ደረጃ እየተናገረ ነው።

ከዚህም በላይ ልናገር። ይህ ሳይንስ ራሱ የተወለደው ባላገርን ያመነ ዕለት ነው። በ1768 በፈረንሳይ ሉሴ በምትባል መንደር የእርሻ ሠራተኞች ድንጋይ ከሰማይ ሲወድቅ አየን ብለው መሰከሩ። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ድንጋዩን እንዲመረምሩ ካዘዛቸው ሦስት ሊቃውንት አንዱ ታላቁ ላቩዋዚዬ ነበር። ሊቃውንቱ ድንጋዩን መርምረው ከሰማይ አልወደቀም፣ መብረቅ የመታው የምድር ድንጋይ ነው ብለው ፈረዱ። በ1790 በባርቦታን ድንጋይ ሲዘንብ፣ የአካባቢው ሹም ከ300 ያህል ሰዎች ጋር ምስክርነቱን ፈርሞ ላከ። የፊዚክሱ ሊቅ ቤርቶሎን ለዚህ የሰጠው መልስ ፌዝ ነበር፤ ሹም ተረትን በማኅተም ሲያጸድቅ ማየት ያሳፍራል የሚል መንፈስ ያለው ፌዝ። ፊርማቸው እንኳ አላዳናቸውም! ልብ በሉ፤ ባላገር ሲጽፍም አይታመንም ነበር። ስለዚህ ነገሩ ከመነሻው የቃልና የጽሑፍ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

በ1794 ጀርመናዊው ክላድኒ ከመቶዎች ዓመታት የተከማቸውን የዐይን ምስክሮች ቃል ሰብስቦ፣ እነዚህ ብረቶችና ድንጋዮች ከሰማይ የመጡ ናቸው ሲል ጻፈ። ሳቁበት። በሚያዝያ 26 ቀን 1803 በሌግል ከተማ አካባቢ ከ3000 የማያንስ ድንጋይ ዘነበ። መንግሥት ዣን-ባቲስት ቢዮ የተባለውን ወጣት ምሁር ላከ። ቢዮ ምን አደረገ? መንደር ለመንደር ዞሮ ጠየቀ። ቄሱንም፣ ገበሬውንም፣ እረኛውንም፣ ሴቶቹንም ጠየቀ፤ ቃላቸውን እርስ በርስ አመሳከረ፤ የወደቀበትን ስፍራ ለካ። በዘገባውም ክርክሩ አበቃ።

በእኛ አገር «እረኛ ምን አለ?» የሚባል የቆየ ወግ አለ። ነገሥታቱና መኳንንቱ የዘመኑን ልብ ለማወቅ እረኛ በሜዳ የሚያንጎራጉረውን ያስጠይቁ ነበር። ቢዮ በ1803 ያደረገው ይህንኑ ነው። እረኛ ምን አለ ብሎ ጠየቀ፤ እረኛውም እውነት ተናግሮ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ግን የእረኛውን ቃል ተጠቅመው ድንጋዩን አገኙና እረኛውን ረሱት። ክላድኒና ቢዮ ባቆሙት ምሰሶ ላይ ቤታቸውን ሠርተው፣ ምሰሶውን «ፎክሎር» ብለው ጠሩት።

* * *

ኤል አሊ የመጀመሪያዋ አይደለችም። በሰሜናዊ ምዕራብ ግሪንላንድ የሚኖሩት ኢኑጉዊት ከሰማይ በወረደ ብረት ቢላና የጦር ጫፍ ይሠሩ ነበር። ሦስቱን ትላልቅ ብረቶች «ሴቲቱ»፣ «ውሻው» እና «ድንኳኑ» ብለው ሰይመዋቸዋል። አሜሪካዊው ሮበርት ፒሪ በ1894 በአገሬው ሰው መሪነት ወደ ስፍራው ደረሰ፤ በ1895 ሁለቱን፣ በ1897 ደግሞ 31 ቶን የሚመዝነውን «ድንኳኑን» በመርከብ ጭኖ ወሰደ። በኋላም በኒው ዮርክ ላለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በ40,000 ዶላር ተሸጡ። በዚያው በ1897 ስድስት ኢኑጉዊት በፒሪ መርከብ ወደ ኒው ዮርክ መጡ። አራቱ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። አፅማቸው በሙዚየሙ ተቀመጠ። ወደ አገራቸው ተመልሶ የተቀበረው በ1993 ነው። ድንጋዮቹ ግን ዛሬም አልተመለሱም።

ይህ የጥንት ታሪክ ነው የሚለኝ ካለ፣ ወደ ኒጀር አሻግሬ ላሳየው። በኅዳር 2023 በአጋዴዝ ክልል 24 ኪሎ ከ670 ግራም የሚመዝን ድንጋይ ተገኘ፤ ከማርስ የመጣ ነው። በሐምሌ 2025 በኒው ዮርክ በሶዝቢስ የጨረታ ቤት ክፍያው ሁሉ ተደምሮ 5.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። የኒጀር መንግሥት ድንጋዩ እንዴት ከአገር እንደ ወጣ ምርመራ መክፈቱን የገለጸው ከሽያጩ በኋላ ነው።

* * *

አሁን ተቃዋሚዎቼን በየተራ ላስተናግድ።

የመጀመሪያው «ድንጋዩ የሰው ልጅ ሁሉ ነው፤ ሳይንስ ሊያጠናው ይገባል» ይላል። እስማማለሁ። ግን እስቲ እንደ ባንክ ሠራተኛ ላስላ። ሁለቱን አዳዲስ ማዕድናት ለማግኘት የበቃው 70 ግራም ነው። ድንጋዩ 15,200,000 ግራም ያህል ነው። ከእያንዳንዱ ሚሊዮን ግራም አምስት ግራም እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ሳይንስ የጠየቀው ይህንን ነው። የቀረውን 15 ቶን የጠየቀው ማን ነው? ገበያ ነው። እንግዲህ የሳይንስን ስም ጠርቶ የገበያን ጭነት መጫን ይቅር። ሳይንስ ቁራጩን ወስዶ ድንጋዩን በቀዬው፣ ካልሆነም በአገሩ ሙዚየም ሊተወው ይችል ነበር።

ሁለተኛው «ምን እንደ ሆነ አያውቁም ነበር» ይላል። የብረት ድንጋይ ብለው ጠሩት። ሊቃውንቱ በታላቅ መሣሪያ መርምረው ምን አሉት? የብረት ሚቲዮራይት። ታዲያ የትኛውን ነው ያላወቁት? ኒኬሉን አላወቁም። ብራንትም አላወቀም፤ ላቩዋዚዬም ድንጋዩን በእጁ ይዞ አላወቀም። አለማወቅ ርስት የሚያስነጥቅ ቢሆን ኖሮ የፓሪስ አካዳሚ በሩን በዘጋ ነበር።

ሦስተኛው «የቃል ግጥም ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይለወጣል፤ ምን ይታመናል?» ይላል። ይህ ተቃዋሚ የሶማሌን ግጥም አያውቅም። ሶማልኛ በመንግሥት የጸደቀ የጽሕፈት ሥርዓት ያገኘው በ1972 ነው። ከዚያ በፊት ሕግም፣ እርቅም፣ ውልም፣ ታሪክም በግጥም ነበር የሚቆመው። በትልልቆቹ የግጥም ዓይነቶች ዘንድ ቤት የሚመታው እንደ እኛ በስንኙ መጨረሻ ሳይሆን በቃላት መጀመሪያ ላይ ነው፤ አንድ ድምፅ ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። አንዱን ቃል አውጥተህ ሌላ ልትከት ብትሞክር ድምፁ ያጋልጥሃል። በባንክ ሰነድ ላይ ያለ ማኅተም ከዚህ የበለጠ አይጠብቅም። ግጥሙን የሚያሰማ ሰውም አስቀድሞ የገጣሚውን ስም መጥራት ይጠበቅበታል፤ የሌላውን ግጥም የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። አንድርዜየቭስኪና ሉዊስ በ1964 ይህን ግጥም ሰብስበው ከነትርጉሙ አሳትመዋል፤ ሰይድ ሳማታር በ1982 የሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰንን ታሪክ ሲጽፍ ግጥሞቹን እንደ ታሪክ ምንጭ መርምሯል። የቃል ግጥም ለታሪክ ሊቅ ከበቃ፣ ለድንጋይ መዝገብ የማይበቃው ለምንድን ነው?

ደግሞም ጽሑፍ የማያውቅን ሰው ቃል መቀበል እንግዳ ነገር አይደለም። እኔ በምሠራበት መስኮት ፊት መፈረም የማይችሉ እናቶች ይቆማሉ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያሳርፋሉ፤ ምስክር ይቆምላቸዋል፤ ገንዘባቸውን ይቀበላሉ። ማንም «ፊደል ስላልቆጠርሽ ያስቀመጥሽው ገንዘብ ያንቺ አይደለም» አይላቸውም። ቢል ወንጀል ነው። ለጥቂት ሺህ ብር ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ዓለም፣ ለ15 ቶን ብረትና ለሰባት ትውልድ መታሰቢያ ሲሆን የጣት አሻራውን አላይም አለ። ግጥሙ የኤል አሊ ሰዎች የጣት አሻራ ነበር።

አራተኛው ተቃዋሚ ከሁሉም የበረታ ነው። «ጦርነት ባለበት አገር፣ የአልሸባብ ጥላ ባጠላበት ስፍራ፣ ድንጋይ ማን ይጠብቃል?» ይላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ አላቃልለውም። ግን ሁለት ነገር እመልሳለሁ። አንደኛ፣ የኤንሲስሃይምም ድንጋይ በሰላም አልኖረም። በ1793 የፈረንሳይ አብዮት ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን አውጥተው ወደ ኮልማር ወሰዱት፤ ተሸራረፈም። በ1803 ግን ተመለሰ። የተመለሰው የኤንሲስሃይም መሆኑን የካደ ስላልነበረ ነው። ሁከት የሚጠይቀው አደራን ነው። አደራ ደግሞ ባለቤት አለው፤ ተመላሽም ነው። ለገዢ የሚጫን ዕቃ አደራ አይባልም።

ሁለተኛ፣ በዚሁ በቀጠናችን ሌላ መንገድ ታይቷል። በጥቅምት 7 ቀን 2008 በሱዳን ኑቢያ በረሃ ላይ፣ ሰው በጠፈር ሳለ አስቀድሞ ያየው ድንጋይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደቀ። አሜሪካ አሪዞና ያለ መነጽር ከመውደቁ 20 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ አይቶት ነበር። ፍለጋውን በታኅሣሥ 2008 የመሩት የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙአውያ ሻዳድና ፒተር ጄኒስከንስ ናቸው። ከዩኒቨርሲቲው የመጡ ተማሪዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው በረሃውን በእግራቸው አሰሱት። በባቡር ጣቢያው አካባቢ ያሉትን ሰዎች ምን አያችሁ ብለው ጠየቁ። 600 ያህል ስብርባሪ ተለቀመ። ስሙም በዐረብኛ «አልመሃታ ሲታ» ተባለ፤ ስድስተኛው ጣቢያ ማለት ነው። የአገሩ ሰው ጠየቀ፤ የአገሩ ተማሪ ለቀመ፤ የአገሩ ቋንቋ ሰየመ፤ ሳይንስም ከዚህ የተነሣ ምንም አልጎደለበትም። ከ2023 ጀምሮ በካርቱም የነደደው ጦርነት ይህን የሚያስተባብል አይደለም። ጦርነት የሰው ሥራ ያፈርሳል፤ የሠሩት ሰዎች ትክክል እንደ ነበሩ ግን አያስክድም።

* * *

ይህን ሁሉ ለካናዳና ለቻይና ብቻ የምናገር ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ደብዳቤዬ የተላከው ወደ እኛው ቤት ነው።

እኛ ፊደል አለን ብለን እንኮራለን፤ መኩራታችን ተገቢ ነው። ግን ኩራታችን ወዴት እንደሚያደርሰን እንይ። አንዲት አልቃሽ በወንድሟ ሬሳ ላይ ቆማ ያወረደችውን ሙሾ ማስታወሻ ደብተራችን ላይ እንገለብጣለን። መጽሐፍ ስናሳትም «የሕዝብ ግጥም» ብለን እናስገባዋለን። የሰብሳቢው ስም በሽፋን ላይ በትልቁ ይጻፋል፤ የሴትየዋ ስም የለም። መንደሯ የለም፤ ያለቀሰችለት ሰው የለም። «ያልታወቀ ገጣሚ» እንላለን። ማን ነው ያላወቃት? ጎረቤቶቿ ያውቋታል፤ ልቅሶ በደረሰ ቁጥር በስሟ ይጠሯታል። ያላወቅናት እኛ ነን፤ ያላወቅናትም ስላልጠየቅን ነው። የፎከረውን ጀግና፣ ያንጎራጎረውን እረኛ፣ በወፍጮ ላይ የገጠመችውን ሴት ሁሉ እንዲህ አድርገን ወርሰናል። የእረኛን ስንኝ ሰርቆ በራሱ ግጥም ውስጥ የሰካ፣ ጭብጨባውንም የተቀበለ ገጣሚ በየምሽቱ መድረክ ላይ አይጠፋም። እርሱ ከኦፓል ፈላጊዎቹ በምን ይሻላል? እነርሱስ ቢያንስ ጭነት ማንሻ አስፈልጓቸዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ሰዎች የሚያውቁትን ነገር «ተገኘ» አንበል። «ተመዘገበ» እንበል። የአንድ ቃል ለውጥ ነው፤ ግን ባለቤቱን ከዓረፍተ ነገሩ አያስወጣም። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ ሲመዘገብ ግጥሙም ይመዝገብ፤ በራሱ ቋንቋ፣ ካሰማው ሰው ስም ጋር፣ ከክብደቱና ከኒኬሉ ጎን ይቀመጥ። ይህን ለመሥራት ከአንድ መቅረጸ ድምፅና ከአንድ ትሑት ጠያቂ በላይ አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ የዚያን ግጥም ባለቤቶች ያልጠየቀ ሽያጭ ሕጋዊ ደረሰኝ ቢኖረውም የተጣራ ሒሳብ አይባል፤ እኔ በሙያዬ ባለቤቱ ያልፈረመበትን ወጪ እንደ ምን እንደምቆጥረው አውቃለሁ። አራተኛውና ለእኛ ለራሳችን የሚቀርበው፣ ከእንግዲህ «ያልታወቀ ገጣሚ» ብለን ከመጻፋችን በፊት እንጠይቅ። ስምሽ ማን ነው እንበል። ለማን አለቀስሽለት እንበል።

የኤል አሊ ድንጋይ ሩቅ አገር ሄዷል። ግጥሙ ግን በሂራን ሰዎች አፍ ውስጥ ነው። ግመል የሚጠብቅ ልጅ ሊያንጎራጉረው ይችላል፤ ሰሚው ካልፈጠነ ግን፣ ድንጋዩ የሌለበት የድንጋይ ዘፈን በሚቀጥለው ትውልድ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ቢላ የሚስልበትን ድንጋይ ያላየ ልጅ ግጥሙን እስከ መቼ ይሸከማል? ያኔ ቢረሳ፣ እባካችሁ «በቃል ስለነበረ ተረሳ» አንበል። መታሰቢያውን ስለነጠቁት ተረሳ እንበል።

ገጣሚ ነኝ ባይ እንደ መሆኔ አራት ስንኝ አስቀምጬ ልሰናበት፦

ሰማይ የጣለውን፣ ምድር ተቀበለው፣
እረኛ ቢላውን፣ በጎኑ ሲስለው፤
ከሰባት ትውልድ አፍ፣ ለአንድ ቀን ያልራቀ፣
ወረቀት ቢነካው፣ ዳግመኛ ወደቀ።

ሙግት ያለው ይሞግተኝ። ቸር ይግጠመን።